የዓባይን ልጅ ውሃ የሚጠማው መቼ ነው? የሁለት አገሮች የማዕድን ታሪክ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ይህን ተረት ወስዳችሁ በአህጉራችን ካርታ ላይ ብትዘረጉት፣ ለወጣቶች በሚዘጋጁ የድርሰት ውድድሮች ላይ በየጊዜው የሚመጣውን ጥያቄ ታገኛላችሁ፦ አፍሪካ ወርቁም፣ አልማዙም፣ መዳቡም፣ ነዳጁም እያላት ሕዝቧ ለምን ደኸየ?

አብዛኛው ጸሐፊ ከሁለት መልሶች አንዱን ይመርጣል። አንዱ «ነጮች ዘረፉን» ይላል። ሌላው «መሪዎቻችን ሌቦች ናቸው» ይላል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ ግን ሁለቱም ጥያቄውን ከመክፈት ይልቅ ይዘጉታል። ነጮቹ የዘረፉት እንዴት ነው? መሪዎቹ መስረቅ የቻሉትስ ለምንድን ነው? እዚያ ስንደርስ ድርሰቱ ያልቃል።

እስቲ የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚያደርጉት እናድርግ። ሁለት አገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠይቅ። አገሮቹ ኮንጎና ቦትስዋና ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።)

እርግማን አለ እንዴ?

መጀመሪያ አንድ ቃል እንተዋወቅ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ምሁር ሪቻርድ አውቲ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ «የሀብት እርግማን» የሚለውን አባባል አስተዋወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄፍሪ ሳክስና አንድሪው ዋርነር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የብዙ አገሮችን መረጃ አነጻጽረው፣ ኢኮኖሚያቸው በተፈጥሮ ሀብት ሽያጭ ላይ የተንጠለጠለ አገሮች ከሌሎቹ ይልቅ ቀስ ብለው ያደጉ መሆናቸውን አሳዩ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ የማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዋጋው በወጣበት ዓመት የታቀደ ወጪ፣ በወረደበት ዓመት ዕዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የውጭ ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ የአገሩ ገንዘብ ይወደድና ገበሬውና ፋብሪካው ምርታቸውን ውጭ መሸጥ ያቅታቸዋል። ይህ ነገር በኔዘርላንድስ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ በኋላ ስለታየ «የሆላንድ በሽታ» ይባላል። ሦስተኛ፣ መንግሥት ገንዘቡን ከጉድጓድ እንጂ ከዜጎች ግብር ካላገኘ፣ ዜጎቹን የመስማት ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን «እርግማን» ከሆነ የነካውን ሁሉ መያዝ ነበረበት፤ አልያዘም። ስለዚህ ጥያቄው ይለወጣል፦ መቼ ይይዛል? መቼስ ይምራል?

ካታንጋ፦ ባለቤቱ ያልተገኘበት ድርድር

በስልካችሁ ባትሪ ውስጥ ኮባልት ካለ፣ ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጣ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከዓለም የኮባልት ምርት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከዚያች አገር ነውና። ኮባልቱ ካታንጋ በሚባለው የደቡብ ምሥራቁ ክፍል ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል።

የካታንጋ ሰዎች መዳብ ማውጣት ከአውሮፓውያን አልተማሩም። ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ድንጋዩን እያቀለጡ በመስቀል ቅርጽ ያፈስሱት ነበር። እኛ በአሞሌ ጨው እንገበያይ እንደነበረው ሁሉ፣ ያ የመዳብ መስቀል በአካባቢው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ሀብቱም፣ ዕውቀቱም፣ ገበያውም ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ በርሊን መጣ። ከ1884 እስከ 1885 በተካሄደው የበርሊን ጉባኤ ወቅት የአውሮፓ መንግሥታትና አሜሪካ ኮንጎን የቤልጂየሙ ንጉሥ የዳግማዊ ሊዮፖልድ ግዛት አድርገው ተቀበሉ። የቤልጂየም አይደለም፤ የንጉሡ የግል ግዛት! ሊዮፖልድ ያንን አገር አንድ ቀን እንኳ በእግሩ ሳይረግጥ ለ23 ዓመት ገዛው። ሕዝቡ ከጫካ ጎማ እየለቀመ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ኮታውን ያላሟላ መንደር ይቃጠል፣ ሰው ይታገት፣ እጅ ይቆረጥ ነበር። ጉዳዩ በዓለም ፊት ሲጋለጥ፣ በ1908 የቤልጂየም መንግሥት ግዛቱን ከንጉሡ ተረከበ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1906፣ የካታንጋን መዳብ የሚያወጣው ዩኒየን ሚኒየር የተባለው ኩባንያ ተቋቁሞ ነበር። ውሉን እነማን እንደተፈራረሙ ልብ በሉ። በጠረጴዛው በአንድ ወገን የአውሮፓ ባለሀብቶች፣ በሌላው ወገን የአውሮፓ ንጉሥ። ኮንጓዊ የለም። አንድም!

ውጤቱ በሺንኮሎብዌ በደንብ ይታያል። ይህ በካታንጋ የሚገኝ የማዕድን ስፍራ እጅግ የበለጸገ የዩራኒየም ድንጋይ ነበረው። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአቶሚክ ቦምብ ስትሠራ ከተጠቀመችበት ዩራኒየም አብዛኛው የመጣው ከዚያ ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 በሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ የካታንጋ አፈር ነበረበት። የቆፈሩት ሠራተኞች ግን የሚቆፍሩት ነገር ምን እንደሚያደርግ የነገራቸው አልነበረም።

ነፃነት ሲመጣ ደግሞ በጥድፊያ መጣ። በጥር 1960 ብራስልስ ላይ ውይይት ተጀመረ፤ ሰኔ 30 ቀን በዚያው ዓመት ኮንጎ ነፃ አገር ሆነች። ያን ጊዜ በመላው አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ኮንጓውያን 20 አይሞሉም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? አሥራ አንድ ቀን ብቻ ቆይቶ፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ ካታንጋ በሞይስ ቾምቤ መሪነት «ተገንጥያለሁ» አለች። ከጀርባዋ የቤልጂየም ወታደሮችና የዩኒየን ሚኒየር ገንዘብ ነበሩ። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ በጥር 1961 በዚያችው በካታንጋ ተገደለ። ሰላም እንዲያስከብሩ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከዘመቱት ወታደሮች መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ከአያቶቻችሁ ዘንድ «የኮንጎ ዘማች» የሚለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል።

«እሺ፣ ይህ የነጮቹ ታሪክ ነው» ትሉ ይሆናል። ቆዩ። በ1965 ሞቡቱ ሥልጣን ያዘ፤ በ1967 መጀመሪያ ላይም የዩኒየን ሚኒየርን ንብረት ወርሶ ለመንግሥት ኩባንያ ሰጠ። ኩባንያው በኋላ ጌካሚን ተባለ። መዳቡ በመጨረሻ የኮንጓውያን ሆነ! ግን የባለቤቱ ስም ተለወጠ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ሞቡቱ ጌካሚንን እንደ ግል ካዝናው ይመዘብረው ነበር። ማሽን ሲያረጅ የሚተካ አልነበረም። በዚያ ላይ በ1970ዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፤ በአንጎላ በተነሣው ጦርነት መዳቡ ወደ ባሕር የሚጓዝበት የባቡር መስመርም ተዘጋ። በ1990 ካሞቶ የተባለው ትልቅ የምድር ውስጥ ማዕድን ማውጫ ተደረመሰ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ400 ሺህ ቶን በላይ መዳብ ያመርት የነበረው ኩባንያ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 50 ሺህ ቶን እንኳ መድረስ አቃተው።

ቦትስዋና፦ ማንም ያልፈለጋት አገር

አሁን ወደ ደቡብ እንውረድ። የዛሬዋ ቦትስዋና በ1885 ቤቹዋናላንድ በሚል ስም የብሪታንያ ጥብቅ ግዛት ሆነች። አብዛኛው መሬቷ የካላሃሪ አሸዋ ነው። ብሪታንያ አገሪቱን የያዘቻት ሌላ እንዳይወስድባት እንጂ የምታወጣው ነገር ስለነበራት አይደለም። ግዛቷ ትተዳደርበት የነበረው ከተማ ማፌኪንግ እንኳ ከድንበሯ ውጭ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ዋና ከተማዋ ውጭ አገር የሆነ ግዛት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይሁንና የሚፈልጋት አንድ ሰው ነበር፦ ሴሲል ሮድስ። ይህ ሰው በ1888 ዲ ቢርስ የተባለውን የአልማዝ ኩባንያ ያቋቋመ ባለጸጋ ነው። ሌላው ኩባንያው ቤቹዋናላንድን ጠቅልሎ ሊረከብ ሲል፣ በ1895 ሦስት የአገሩ አለቆች፣ ሣልሳዊ ካማ፣ ሰበሌና ባቶየን፣ መርከብ ተሳፍረው እንግሊዝ ገቡ። በየከተማው እየዞሩ ለሕዝቡ አቤት አሉ፤ ሚኒስትሩንም ንግሥት ቪክቶሪያንም አነጋገሩ። ለባቡር ሐዲድ የሚሆን መሬት ለቀቁ፣ አገራቸውን ግን ከሮድስ እጅ አስጣሉ። በዚያው ሰሞን የሮድስ ሰዎች ትራንስቫል ላይ ያደረጉት ወረራ ከሽፎ ሮድስ መዋረዱም ረድቷቸዋል።

መስከረም 30 ቀን 1966 ቦትስዋና ነፃ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ደሃ አገሮች አንዷ ነበረች። ብዙ ጊዜ እንደሚጠቀሰው፣ አስፋልት መንገዷ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ዜጎቿም 22 ብቻ። ከኮንጎ ጋር ተመሳሳይ አይደል? የመንግሥት በጀት የሚሸፈነው በብሪታንያ እርዳታ ነበር። ሕዝቡ በከብት ርባታ ይኖራል፤ ብዙ ወንዶች ደግሞ ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓዶች ይሰደዳሉ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ ይባላል። የዚያ እንግሊዝ ድረስ የሄደው የሣልሳዊ ካማ የልጅ ልጅ ነው።

የጠፋው ወንዝና የምስጦቹ ሥራ

አልማዝ የሚፈጠረው በምድር ውስጥ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ በከባድ ግፊትና ሙቀት ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ኪምበርላይት የሚባል እሳተ ገሞራ ነው። ይህ እሳተ ገሞራ ከጥልቁ ተወርውሮ ሲወጣ የካሮት ቅርጽ ያለው ቧንቧ መሳይ ድንጋይ ይተዋል። አልማዝ ፈላጊ እንግዲህ ያንን ቧንቧ ነው የሚፈልገው።

በ1955 ሞትሉትሴ በተባለ የቤቹዋናላንድ ወንዝ ዳር ሦስት ጥቃቅን አልማዞች ተገኙ። አልማዝ በወንዝ ዳር ከተገኘ፣ ከላይ ከምንጩ አካባቢ ታጥቦ መምጣት አለበት። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ወንዙን ተከትለው እስከ መነሻው ወጡ፤ ምንም የለም። እንቆቅልሹን የፈታው የዲ ቢርስ ባለሙያ ጋቪን ላሞንት ነው። «ዛሬ የምናየው መነሻ የጥንቱ መነሻ አይደለም» አለ። በሩቅ ዘመን መሬቱ ከመካከል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሥቶ የወንዙን ላይኛ ክፍል ቆርጦታል፤ ፍለጋው ከጉብታው ባሻገር መቀጠል አለበት ማለቱ ነው። ቡድኑ ወደ ምዕራብ ተሻገረ። በ1967 ኦራፓ ላይ ከዓለም ግዙፍ የኪምበርላይት ቧንቧዎች አንዱ ተገኘ።

ሁለተኛው ግኝት የበለጠ ያስገርማል። በ1973 በደቡብ በኩል ጅዋኔንግ ላይ የተገኘው ቧንቧ በአሥርተ ሜትሮች በሚቆጠር የካላሃሪ አሸዋ ተሸፍኖ ነበር። ታዲያ እንዴት ታወቀ? ምስጥ ነው ያጋለጠው። ምስጦች እርጥበት ፍለጋ በጣም ጠልቀው ይቆፍራሉ፤ ሲመለሱም ጋርኔትና ኢልሜናይት የተባሉ፣ ከኪምበርላይት ጋር አብረው የሚገኙ ጥቃቅን የማዕድን ፍሬዎችን ወደ ላይ ያወጣሉ። ባለሙያዎች የኩይሳውን አፈር ይመረምራሉ። በመንገድ ዳር ኩይሳ ስታዩ ከአሁን በኋላ እንዲሁ አትለፉት!

አንድ ዓመት ያመጣው ልዩነት

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እነሆ። ነፃነት 1966፤ ኦራፓ 1967። በመካከሉ ያለው ጥቂት ወር ነው። ባለሙያዎቹ የወንዙን እንቆቅልሽ በ1955 ወዲያው ፈትተውት ቢሆን ኖሮስ? ውሉን ከኩባንያው ጋር የሚፈራረመው የብሪታንያ ባለሥልጣን ይሆን ነበር። ወይም ብሪታንያ «ምንም የለውም» ብላ የናቀችውን አገር ቶሎ ባልለቀቀች ነበር። የካታንጋ መዳብ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ባለቤቱ በሌለበት ነው። የኦራፓ አልማዝ የቀረበው ግን ባለቤቱ ገና ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ነው።

ነገር ግን ወንበር ብቻውን አይበቃም። ሞቡቱም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የቦትስዋና መንግሥት በ1967 በአገሪቱ ከመሬት በታች ያለ ማዕድን ሁሉ የጎሳ አለቆች ሳይሆን የአገሪቱ ነው የሚል ሕግ አወጣ። ኦራፓ የሚገኘው የፕሬዚዳንቱ የራሱ ጎሳ በባማንግዋቶ ግዛት ነው። «ለወገኖቼ ይሁን» ቢል ማን ይከለክለው ነበር? እንዲህ ባይሆን ኖሮ ሌሎቹ ጎሳዎች «የእኛስ ድርሻ?» ማለታቸው፣ ቦትስዋናም የራሷን ካታንጋ ማየቷ አይቀርም ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ድርድር ነው። ከዲ ቢርስ ጋር በጋራ በተቋቋመው ኩባንያ ውስጥ መንግሥት መጀመሪያ የነበረው ድርሻ 15 በመቶ ብቻ ነበር። የኦራፓ ትርፍ ምን ያህል እንደሆነ ሲታወቅና ጅዋኔንግም ሲገኝ፣ መንግሥት «እንደገና እንነጋገር» አለ። ኩባንያውን አላባረረም፣ አልወረሰምም። የአልማዝ ገበያውን ቁልፍ የያዘው ዲ ቢርስ መሆኑን ያውቃል። ዲ ቢርስም የሚቀጥለውን ማዕድን ፈቃድ የያዘው መንግሥት መሆኑን ያውቃል። በ1975 ድርሻው ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። ሮድስ አገሩን ሊጠቀልል ከሞከረ ከ80 ዓመት በኋላ፣ የሣልሳዊ ካማ የልጅ ልጅ መንግሥት ሮድስ ካቋቋመው ኩባንያ ጋር እኩል ተካፈለ።

ሦስተኛው ገንዘቡን መጠበቅ ነው። መንግሥት አንድ መርህ ያዘ፦ አልማዝ አንዴ ከወጣ አይበቅልም፤ ስለዚህ ከእሱ የሚገኝ ገንዘብ ለዕለት ፍጆታ ሳይሆን የሚቆይ ነገር ላይ ይዋል። መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ተሠራበት። በ1980 የመጀመሪያ ደረጃ የትምህርት ክፍያ ተነሣ። በ1994 ደግሞ ትርፉ የሚጠራቀምበት «ፑላ ፈንድ» ተቋቋመ። ፑላ በሴትስዋና ቋንቋ «ዝናብ» ማለት ነው፤ የአገሪቱ ገንዘብ ስምም እሱ ነው። ለደረቅ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ የሀብት ስም ከየት ይመጣል?

ቦትስዋና ገነት ናት እንዴ?

አይደለችም። ይህን ካልጻፋችሁ ድርሰታችሁ ማስታወቂያ ይሆናል። በሀብታምና በደሃ መካከል ያለው ልዩነት በአገሪቱ በጣም ሰፊ ነው። የወጣቶች ሥራ አጥነት ከባድ ነው። ኤች አይ ቪ አገሪቱን ክፉኛ ጎድቷታል። በማዕከላዊ ካላሃሪ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩት የሳን ሕዝቦች ከአደን መሬታቸው በመንግሥት እንዲነሡ ተደርገዋል፤ ፍርድ ቤት ሄደው በታኅሣሥ 2006 ተፈረደላቸው። የውጭ ንግድ ገቢዋ ዛሬም በአብዛኛው ከአልማዝ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ርካሽ አልማዝ ገበያውን ሲሻማት ኢኮኖሚዋ ተናጋ። በ2024 ምርጫ ከነፃነት ጀምሮ ለ58 ዓመት የገዛው ፓርቲ ተሸንፎ ወረደ። የወረደው ግን በጥይት ሳይሆን በድምፅ ነው፤ ይህም በራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ንጽጽሩም ሚዛናዊ መሆኑን ጠይቁ። ኮንጎ በቆዳ ስፋት የቦትስዋናን አራት እጥፍ ናት፤ ሕዝቧም እጅግ ይበዛል። የኦራፓ ዓይነት ቧንቧ በአንድ አጥር ሊጠበቅ ይችላል፤ የኮንጎ ማዕድን ግን በሰፊ ምድር የተበተነ ነው። ዩራኒየምና ኮባልት ያላትን አገር በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ኃያላኑ እንዲሁ አይተዋትም ነበር። «ቦትስዋናውያን ጎበዝ፣ ኮንጓውያን ሰነፍ» የሚል ድምዳሜ ከዚህ ታሪክ አይወጣም። ዕድልም፣ ጊዜም፣ ውሳኔም አሉበት። የታሪክ ሥራ እነዚህን ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

አራት ጥያቄዎች ለእናንተ

ስለ የትኛውም የአፍሪካ ሀብት ስትጽፉ፣ የናይጄሪያ ነዳጅም ይሁን የጋና ኮኮዋ ወይም የእኛው የአዶላ ወርቅ፣ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ሀብቱ ሲገኝ መሬቱን ማን ያስተዳድር ነበር? ሁለተኛ፣ ውሉን ማን ተደራደረ? ከመፈረሙ በፊትስ ስለ ሀብቱ ምን ያህል ያውቅ ነበር? ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ምን ሆነ? ሕንፃ፣ ትምህርት ቤት፣ ጥይት ወይስ የውጭ ባንክ ሂሳብ? አራተኛ፣ ዋጋውን ማን ከፈለ? የተፈናቀለ፣ የታመመ፣ ውሃው የተበከለበት ማን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1962 ሕዝቦች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ የማይገሰስ ሉዓላዊነት እንዳላቸው አውጇል። የአፍሪካ መሪዎችም በ2009 አዲስ አበባ ላይ «የአፍሪካ የማዕድን ራዕይ» የተባለውን ሰነድ አጽድቀዋል። ሰነዱ ማዕድኑ እዚሁ ተጣርቶ፣ እዚሁ ሥራ ፈጥሮ፣ እዚሁ ዕቃ ሆኖ ይውጣ ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወረቀቱን ሥራ የሚያደርገው ግን ከጠረጴዛው ጀርባ የሚቀመጠው ሰው ነው፤ የሥነ ምድሩን ካርታ ማንበብ፣ የኩባንያውን ሂሳብ መመርመር፣ ያለፈውን ውል ታሪክ ማወቅ አለበት።

ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚፈለጉት ማዕድናት ውሎች ዛሬ እየተፈረሙ ነው። ብዙዎቹ የሚታደሱት ደግሞ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እናንተ ሙሉ ሰው በሆናችሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከድርሰት ውድድሩ በፊት አንድ ሥራ እንስጣችሁ፦ በአካባቢያችሁ ወይም በክልላችሁ የሚወጣ አንድ ማዕድን ምረጡና አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። መልስ ያላገኛችሁለት ጥያቄ ካለ፣ ድርሰታችሁን ከዚያ ጀምሩ።